የመጨረሻው ወር አይበቃም፦ ታዳጊዎች ከማረሚያ ስለሚወጡበት መንገድ ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ጥፋት ፈጽመው በታዳጊዎች ማረሚያ ወይም ማቆያ ተቋም የቆዩ ልጆች ወደ ቤታቸው፣ ወደ ትምህርታቸውና ወደ ሰፈራቸው ስለሚመለሱበት መንገድ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን በብዙ ሰዎች ዘንድ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ለእኔም ሦስት ወዳጆቼ ልከውልኛል፤ ከሦስቱ ሁለቱ «እስቲ ለዚህ ምን መልስ አለህ?» የሚል ማስታወሻ አክለውበታል። ጸሐፊው በስድብና በጥላቻ የተነሡ ሰው አይደሉም፤ የሚያነሷቸው ጥያቄዎችም ብዙ ሰው በልቡ ይዟቸው የሚዞር ጥያቄዎች ናቸው። በዝምታ ማለፍ ያልፈለግሁትም ለዚህ ነው። በተረጋጋ ቋንቋ የቀረበ የተሳሳተ ክርክር ውሳኔ ሰጪዎች ጠረጴዛ ላይ የመድረስ ዕድሉ ከጩኸት ይልቅ የሰፋ ነው።

የጽሑፉን ፍሬ ነገር ሳላዛባ ለማስቀመጥ ከቻልሁ እንዲህ ነው። የሽግግር ዕቅድ፣ ማለትም ልጁ ሲወጣ የት እንደሚኖር፣ የት እንደሚማርና ማን እንደሚከታተለው የሚወስን ዕቅድ፣ ልጁ ወደ ተቋሙ ከገባበት ቀን ጀምሮ ይዘጋጅ የሚለው አስተሳሰብ ከወረቀት ሥራ ያለፈ ትርጉም የለውም፤ ልጁ መቼና በምን ዓይነት ጠባይ እንደሚወጣ አስቀድሞ ስለማይታወቅ ዕቅዱ በመጨረሻው ወር ቢዘጋጅ ይበቃል። ቤተሰቡ የችግሩ ምንጭ ስለሆነ ከዕቅዱ ይገለል፤ ልጁም ከተቻለ ወደ ሌላ አካባቢ ይዛወር። የሚቀበለው ትምህርት ቤት ታሪኩን በሙሉ ይወቅ፤ ካልፈለገም አልቀበልም የማለት መብት ይኑረው። ልጁ ከወጣ በኋላ የሚያስፈልገው ከድጋፍ ይልቅ ጥብቅ ቁጥጥር ስለሆነ፣ አንዲት ግዴታ እንኳ ቢጥስ ወዲያውኑ ወደ ተቋሙ ይመለስ። ለእነዚህ ልጆች የሚወጣው ገንዘብ ምንም ሳያጠፉ የተቸገሩ ልጆችን ይበድላል። በጥንቃቄ የተገመገሙ የሽግግር መርሐ ግብሮችም ውጤት አላሳዩም። በዚህ ሁሉ ውስጥ ደግሞ የተጎዳው ሰው ተረስቷል።

በመጀመሪያው ነጥብ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ከቀሩት ስሕተቶች አብዛኞቹ ከእርሱ የሚፈልቁ ይመስለኛልና።

«መቼ እንደሚወጣ ስለማይታወቅ በመጨረሻው ወር ይታቀድ» የሚለው ሐሳብ ራሱን በራሱ ያፈርሳል። የመውጫው ቀን ካልታወቀ የመጨረሻው ወር የትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል? በተለይ ጉዳያቸው ገና በፍርድ ቤት በመታየት ላይ ያለና በቀጠሮ የሚመላለሱ ታዳጊዎች ጠዋት ለችሎት ወጥተው ከሰዓት በኋላ በነፃ ወይም በዋስ ሊለቀቁ ይችላሉ፤ ለእነርሱ የመጨረሻው ወር የሚታወቀው ካለፈ በኋላ ነው። ይህ የጥቂቶች ጉዳይ አይደለም። በ2019 ይፋ የሆነው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዓለም አቀፍ ጥናት በየዓመቱ ቢያንስ 410,000 ሕፃናትና ታዳጊዎች በቅድመ ፍርድ ማቆያዎችና በማረሚያ ቤቶች እንደሚያዙ፣ ከዚህ ሌላ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉት በፖሊስ ጣቢያዎች እንደሚቆዩ ገምቷል (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የሚሄድበትን ቀን የማያውቅ መንገደኛ ጓዙን አስቀድሞ ይሸክፋል እንጂ ቀኑ እስኪነገረው አይጠብቅም።

ነገሩን ወደ አንድ ልጅ አውርደን እንመልከተው። ልጁ 16 ዓመቱ ነው እንበል፤ የተያዘው የ9ኛ ክፍል ትምህርቱን በዓመቱ አጋማሽ ላይ አቋርጦ ሲሆን፣ በተቋሙ ውስጥ ስምንት ወር ቆይቷል፤ እዚያም ተምሯል። ይህ ትምህርት በውጭ እንዲቆጠርለት የሁለቱ ተቋማት የውጤት አያያዝ መመሳከር፣ መሸኛውና የውጤት ማስረጃው መዘጋጀት፣ የምዝገባ ጊዜ ሳያልፍም ቦታ መያዝ አለበት። በተቋሙ ውስጥ ለጭንቀት መድኃኒት ጀምሮ ከሆነ፣ ይዞት የሚወጣው መድኃኒት ከማለቁ በፊት የሚያየው ሐኪም ማን እንደሆነና ቀጠሮው መቼ እንደሆነ መታወቅ ይኖርበታል። መታወቂያ ወይም የልደት ምስክር ወረቀት ከሌለው ለትምህርትም ለሥራም ለሕክምናም በሄደበት ሁሉ ይመለሳል። የእንጀራ አባቱ «ይህን ደጃፍ አይረግጥም» ብሎ ከማለ ደግሞ፣ አስታራቂ ተፈልጎ፣ ተቀጥሮ፣ ተኩርፎ፣ እንደገና ተቀጥሮ የሚያልቅ ጉዳይ አለ ማለት ነው።

ከእነዚህ ውስጥ በአንድ ወር ያልቃል ተብሎ የሚታመንበት የትኛው ነው? አንዳቸውም ከባድ ሥራ አይደሉም። ጊዜ የሚወስዱት እያንዳንዳቸው በሌላ መሥሪያ ቤት፣ በሌላ ባለሙያ ወይም በሌላ ሰው ፈቃድ ላይ የተንጠለጠሉ በመሆናቸው ነው። ማረሚያ ተቋሙ የራሱን ሠራተኛ በአንድ ሳምንት ሊያጣድፍ ይችላል፤ ትምህርት ቤትን፣ ጤና ጣቢያንና የተቀየመ አባትን ግን ሊያጣድፍ አይችልም። ስለዚህ በመጨረሻው ወር የሚጀመር ዕቅድ ዞሮ ዞሮ የአድራሻ ዝርዝር ሆኖ ይቀራል፦ እዚህ ሂድ፣ እዚያ ጠይቅ፣ እነ እገሌን አነጋግር። ልጁ ከወጣ በኋላ በየቢሮው ሲንከራተት የሚጀመረው ሩጫ አባቶች «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሉት ነው።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምሰጠው እውነት አለ። በመግቢያው ቀን የሚሞላው ቅጽ በብዙ ቦታ ተሞልቶ መዝገብ ውስጥ ገብቶ ልጁ እስኪወጣ ድረስ የማይገለጥ መሆኑን ሲጽፉ ልክ ናቸው። እንዲህ ያለው ቅጽ ዕቅድ ሊባል አይገባውም። ሆኖም ቅጹ የሞተው ቀድሞ ስለተሞላ አይደለም፤ ባለቤት ስለሌለው ነው። የአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት በ1983 የቡንቪልን ትልቅ የታዳጊዎች ማሠልጠኛ ተቋም ዘግቶ በየአካባቢው ወደ ተበተኑ አነስተኛ ማዕከላት ሲሸጋገር ካደረጋቸው ለውጦች አንዱ፣ ልጁ ከገባበት ቀን ጀምሮ ወጥቶ እስኪረጋጋ ድረስ ጉዳዩን የሚከታተል አንድ ባለሙያ መመደብ ነበር። በኖርዌይ ደግሞ በማረሚያ ቤት የሚያስተምረው መምህርና የሚያክመው የጤና ባለሙያ የማረሚያ ቤቱ ተቀጣሪዎች ሳይሆኑ የውጩ የትምህርትና የጤና አገልግሎት ሠራተኞች ናቸው፤ ታራሚው ሲወጣ የሚጠብቀው አገልግሎት በውስጥ ሳለ ያገኘው ያው አገልግሎት እንዲሆን ታስቦ የተደረገ አሠራር ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» የሚለው ብሂል በሽግግር ሥራም እውነት ነው፤ ነገር ግን የትኛው ሎሚ የማን እንደሆነ ካልተነገረ ሃምሳውም ሎሚ መሬት ላይ ይቀራል። ጸሐፊው የታዘቡት ይህንኑ ነው። መድኃኒቱ ግን የሚሸከመውን ሰው በስሙ መመደብ እንጂ ሥራውን ወደ መጨረሻው ወር መግፋት አይደለም።

ልጁ በምን ጠባይ እንደሚወጣ አይታወቅም የሚለውም ዕቅዱ በየጊዜው ይከለስ ለማለት እንጂ አይጀመር ለማለት አያበቃም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ በ1990 ያጸደቃቸውና በተለምዶ የሃቫና ደንቦች የሚባሉት ነፃነታቸውን ያጡ ታዳጊዎች ጥበቃ ደንቦች በአንቀጽ 59 ላይ ከውጭው ዓለም ጋር የሚደረግ ግንኙነት ለታዳጊው መመለስ አስፈላጊ ዝግጅት መሆኑን ሲገልጹ፣ ንግግሩ ልጁ በተቋሙ ስለሚቆይበት ዘመን ሁሉ ነው። ጉብኝቱ፣ ደብዳቤውና ትምህርቱ የዝግጅቱ አካላት ናቸው፤ ዝግጅቱ ለብቻው የሚመጣበት ሌላ ወር የለም።

ወደ ቤተሰብ ጉዳይ ልለፍ። ጸሐፊው «እሳቱ ወደ ተነሣበት ቤት ልጁን መልሶ መላክ» ብለው የገለጹት ሥጋት ባዶ አይደለም። ድብደባ፣ ወሲባዊ ጥቃት ወይም አደንዛዥ ዕፅ ንግድ ያለበት ቤት ለማንም ልጅ መመለሻ ሊሆን አይገባም፤ ይህን የሚክድ የዘርፉ ባለሙያ አላውቅም። እንዲያውም ጸሐፊው ያልጠቀሱትን፣ ለእርሳቸው ወገን የሚያግዝ አንድ ጥናት እኔ ልጥቀስላቸው። ካትሪና የተባለው ማዕበል በ2005 የአሜሪካዋን ኒው ኦርሊየንስ ከተማ ካፈረሰ በኋላ ዴቪድ ከርክ የተባሉ ተመራማሪ፣ በአመክሮ ከእስር የወጡ ሰዎች ቀድሞ ከኖሩበት አካባቢ ርቀው ሲሰፍሩ ወደ እስር የመመለሳቸው ዕድል በሚታይ መጠን እንደቀነሰ አሳይተዋል። አካባቢ ኃይል አለው።

ይሁን እንጂ የጥናቱ ሰዎች አዋቂዎች ናቸው፤ ቤት መከራየት፣ ሥራ መፈለግ፣ ብቻቸውን መኖር የሚችሉ። የ15 ዓመት ልጅ አካባቢ ቀይሮ እንዲኖር ከተፈለገ የሚያሳድገው፣ ማታ የት እንዳለ የሚጠይቀው፣ ለትምህርት ቤት የሚፈርምለት አዋቂ በአዲሱ ቦታ ሊኖር ግድ ነው። ይህ አዋቂ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያው ከቤተሰቡ የሚገኝ ሰው ነው፦ አክስት፣ አያት፣ ትልቅ ወንድም፣ አንዳንዴም ከእናቱ ጋር የተፋታ አባት። እንዲህ ያለውን ሰው ፈልጎ ማግኘት፣ አቅሙን ማጥናትና ማሳመን ልጁን ወደ እናቱ ቤት ከመመለስ የበለጠ ጊዜ የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ፣ ጸሐፊው በሁለተኛው ነጥባቸው ያቀረቡት ሐሳብ የመጀመሪያውን ነጥባቸውን ይቃረናል። በአራት ሳምንት የሚዘጋጅ ዕቅድና ወደ ሌላ አካባቢ የሚደረግ ዝውውር አንድ ላይ አይሄዱም።

ቤተሰቡን ከዕቅዱ ማግለልም ቢሆን ከልጁ ሕይወት አያወጣውም። ልጁ በሌላ ቦታ ቢመደብም በመጀመሪያው የዕረፍት ቀን ወደ እናቱ መሄዱ አይቀርም፤ ልዩነቱ የሚሄደው ማንም ሳያዘጋጀው መሆኑ ነው። ከታዳጊዎች ጋር ከሚሠራባቸው ዘዴዎች መካከል የተሻለ ማስረጃ ያላቸው ደግሞ ቤተሰቡን በሙሉ የሚያካትቱት ናቸው። እርግጥ ነው፣ እነዚህም ቢሆኑ በማንም እጅ አይሠሩም። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት በ2004 የቀረበ ግምገማ የቤተሰብ ሕክምናው (ባለሙያ ከልጁና ከቤተሰቡ ጋር በአንድነት የሚሠራበት ዘዴ) በብቁ ባለሙያዎች ሲሰጥ ወደ ጥፋት መመለስን እንደቀነሰ፣ ብቃት በሌላቸው ሲሰጥ ግን እንዳልቀነሰ አመልክቷል። «ቤተሰቡን አካትተናል» ብሎ እናቲቱን አንድ ጊዜ ጠርቶ ማስፈረም ምንም አያመጣም ቢሉ ኖሮ ከጸሐፊው ጋር አብሬ እፈርም ነበር።

የትምህርት ቤቱ ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ነው፤ ምክንያቱም የጸሐፊው ሐሳብ ቢተገበር ጉዳቱ ወዲያው የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ትምህርት ቤት ሁሉ የልጁን ሙሉ ታሪክ እንዲያውቅና እንዲያሰናብተው ከተፈቀደለት፣ ልጁን ማን ይቀበለዋል? እያንዳንዱ ርእሰ መምህር ለራሱ ተማሪዎች አስቦ «በእኔ ትምህርት ቤት ባይሆን» ቢል ማንም በግሉ አይወቀስም፤ የሁሉም ድምር ግን ልጁ ቀኑን ሙሉ ያለ ሥራ መንገድ ላይ መዋሉ ነው። አና አይዘርና ጆሴፍ ዶይል የተባሉ ተመራማሪዎች በ2015 ያሳተሙትና በቺካጎ ከ35,000 በላይ ታዳጊዎችን የተመለከተው ጥናት፣ ጉዳዮቹ ለጥብቅም ለገርም ዳኞች በዕድል የሚደርሱ መሆናቸውን ተጠቅሞ፣ ወደ ማረሚያ መግባት በራሱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን የማጠናቀቅ ዕድልን እንደቀነሰና በአዋቂነት የመታሰርን ዕድል እንደጨመረ አሳይቷል። ወደ ማረሚያ ከገቡት ብዙዎቹ ዳግም ወደ ትምህርት ገበታ አልተመለሱም። የተዘጋ የትምህርት ቤት በር የሚያስከትለው ይህንኑ ውጤት ነው።

የሃቫና ደንቦች አንቀጽ 40 በዚህ ላይ የሚለው አጭር ነው፦ ታዳጊው በተቋም ሳለ የሚሰጠው የትምህርት ማስረጃ በተቋም መቆየቱን በምንም መንገድ ሊጠቁም አይገባም። የቤጂንግ ደንቦች የሚባሉት የ1985ቱ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የታዳጊዎች ፍትሕ ደንቦችም የታዳጊ ጥፋተኞች መዝገብ በጥብቅ ምስጢር እንዲያዝና ለሦስተኛ ወገን እንዳይገለጥ ያዝዛሉ። የማረሚያው ማኅተም ያረፈበት ማስረጃ ይዞ የሚመዘገብ ልጅ ከመማሩ በፊት ስም ይወጣለታል፤ ክፍሉም ይህን ስም በአንድ ሳምንት ያውቀዋል።

ጸሐፊው «የሌሎች ወላጆችስ መብት?» ይላሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን ሙሉ መዝገቡን ማሰራጨት አይደለም። ልጁ ከተወሰነ ተማሪ ጋር እንዳይገናኝ በፍርድ ቤት የታዘዘ ከሆነ ትምህርት ቤቱ ትእዛዙን ማወቅ አለበት፤ በትምህርት ሰዓት የሚወስደው መድኃኒት ካለም እንዲሁ። ይህን የሚያውቅ አንድ ኃላፊነት የተሰጠው ሰው፣ ብዙ ጊዜም የትምህርት ቤቱ አማካሪ፣ ይበቃል። ለደኅንነት በሚያስፈልግ መረጃና የሰውን ታሪክ በመግለጥ መካከል ያለው ድንበር ይህን ያህል የማይጨበጥ አይደለም። ይህንም ቢሆን ልጁ ከመመዝገቡ በፊት ቁጭ ብሎ መስማማትን ይጠይቃል፤ እንደገና ወደ ጊዜ ጉዳይ መጣን።

ከወጣ በኋላ ጥብቅ ቁጥጥር ይበቃዋል፣ ያጠፋም ወዲያው ይመለስ ስለሚለው ሐሳብ አንድ ነገር አስቀድሜ ልቀበል፦ ክትትል ያስፈልጋል፤ ታዳጊዎች ግልጽ ወሰን ሲሰጣቸውና የወሰኑ ጠባቂ ቃሉን ሲጠብቅ ይረጋጋሉ። ችግሩ ያለው «ብቻውን ይበቃል» በሚለው ውስጥ ነው። ተመራማሪው ማርክ ሊፕሲ 548 የጥናት ናሙናዎችን ደምረው በ2009 ባቀረቡት ትንተና፣ በምክር፣ በክህሎትና ግንኙነትን በማደስ ላይ የተመሠረቱ ሥራዎች በቁጥጥርና በማስፈራራት ላይ ከተመሠረቱት የተሻለ ውጤት ነበራቸው። ታዳጊዎችን ወደ እስር ቤት አስጎብኝቶ በማስደንገጥ «ማዳን» የሚሞክሩት መርሐ ግብሮች በዕጣ ምደባ ሲፈተኑማ ጭራሽ ጥፋትን ጨምረው ተገኝተዋል። ፍርሃት በወረቀት ላይ ጠንካራ ይመስላል፤ በ16 ዓመት ልጅ ላይ ግን ዕድሜው ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው።

ቁጥጥር ሲበዛ የሚበዛው የሚመዘገበው የግዴታ ጥሰት ነው። በአሜሪካ ተመራማሪዎቹ ጆአን ፒተርሲሊያና ሱዛን ተርነር በ1993 ያቀረቡት፣ በ14 ቦታዎች የተካሄደ ጥናት (በአዋቂዎች ላይ መሆኑ ይታወቅ) እንዳሳየው፣ በጥብቅ ክትትል ሥር የነበሩት ሰዎች አዲስ ወንጀል በመፈጸም ከሌሎቹ አላነሱም፤ የግዴታ ጥሰታቸው ግን እጅግ በልጦ ተገኝቷል። ብዙ በታየ ቁጥር ብዙ ይገኛል። ልጁ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ እንዳይወጣ ታዝዞ የሙያ ሥልጠናው ደግሞ በሁለት ሰዓት የሚያልቅ ከሆነ፣ ትእዛዙን ቢያከብር ሥልጠናውን ይጥላል፤ ሥልጠናውን ቢከታተል ጣሰ ይባላል። በጸሐፊው ሥርዓት ይህ ልጅ ይመለሳል። ይህን ትእዛዝና ያንን ሥልጠና አንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን የሚያይ ሰው ቢኖር ኖሮ ግጭቱ በአምስት ደቂቃ ይፈታ ነበር። የሽግግር ዕቅድ የሚባለው በአብዛኛው ይህንኑ ያህል ተራ ነገር ነው።

ከባድ ጥፋት የፈጸሙ 1,354 ታዳጊዎችን ለ7 ዓመታት በፊላደልፊያና በፊኒክስ አካባቢ የተከታተለው ትልቅ ጥናትም አብዛኞቹ ጥፋታቸውን እየቀነሱ እንደሄዱ፣ በተቋም የሚቆዩበትን ጊዜ ማርዘም ግን ለዚህ መቀነስ አስተዋፅኦ እንዳላደረገ አሳይቷል። ለትንሽ ጥሰት መልሶ ማስገባት ልጁ እያደገ የሚተወውን ነገር ከሚተውበት መንገድ መልሶ ማውጣት ሊሆን ይችላል።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም። ምንም ያላጠፋ ልጅ የትምህርት ዕድል ሲያጣ ማየት ያማል፤ ጸሐፊው ያነሡት ቅሬታ ከልብ ነው። ነገር ግን ለሁለቱ ልጆች የሚሆነው ገንዘብ ከአንድ ኪስ የሚወጣ፣ ለአንዱ ሲሰጥ ከሌላው የሚቀነስ አድርጎ ማቅረቡ ትክክል አይደለም። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ትልቁ ወጪ ልጁን ሌት ተቀን በተቋም ማቆየት ነው፤ በየፈረቃው ጠባቂ፣ ምግብ፣ ሕንፃ፣ ሕክምና። መሸኛ ማጻፍ፣ ቀጠሮ ማስያዝና አክስትን ማነጋገር ከዚህ ጋር የሚወዳደር ወጪ የለውም። ልጁ ተመልሶ ከገባ ደግሞ ትልቁ ወጪ እንደገና ይጀምራል፤ ያላጠፋው ልጅ ድርሻም ይበልጥ ይጠባል። ከዚህም በላይ ያጠፋውን ልጅ ከክፍል አውጥቶ የወሰደው ፍርድ ቤት ራሱ ነው። ወደ ክፍሉ መመለስ ያቋረጡትን መቀጠል እንጂ ሽልማት አይደለም።

አሁን ወደ ጠንካራው ነጥባቸው ልምጣ። ጸሐፊው የጠቀሱት በአሜሪካ ዴቪድ አልትሹለርና ትሮይ አርምስትሮንግ የቀረጹትን፣ በኮሎራዶ፣ በኔቫዳና በቨርጂኒያ የተሞከረውን የተጠናከረ የድኅረ ማረሚያ ክትትል መርሐ ግብር ነው። በ2005 የወጣው ግምገማ ልጆቹን በዕጣ በሁለት መድቦ ሲያነጻጽር፣ መርሐ ግብሩ በአመዛኙ እንደታሰበው ቢተገበርም፣ ወደ ጥፋት በመመለስ ረገድ ጎልቶ የወጣ ልዩነት አላገኘም። ይህ እውነት ነው፤ የሽግግር ዕቅድ ደጋፊዎችም ደብቀነው ልናልፍ አይገባም። እኔም ውጤቱን መጀመሪያ ሳነብ ደስ አላለኝም።

ሆኖም ከዚህ ግምገማ «ዕቅድ አያስፈልግም» ወደሚለው መደምደሚያ ለመድረስ መዘለል ያለበት ገደል ሰፊ ነው። በየቦታው የነበረው የልጆች ቁጥር አነስተኛ ስለነበር መካከለኛ መጠን ያለው ልዩነት ቢኖር እንኳ ለማየት አስቸጋሪ ነበር። ንጽጽሩም የተደረገው በዚህ መርሐ ግብርና በተለመደው አሠራር መካከል ነው፤ ዕቅድ በሌለውና ባለው መካከል አይደለም። ጸሐፊው የሚያቀርቡት ደግሞ ከተለመደውም አሠራር ያነሰ ነው። የሆላንድ ተመራማሪዎች በ2013 የድኅረ ማረሚያ ድጋፍ ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩም ያገኙት አማካይ ውጤት ትንሽ ነበር፤ ነገር ግን ድጋፉ በጥሩ ሁኔታ ሲተገበርና ከፍተኛ ሥጋት ባለባቸው፣ በዕድሜም ከፍ ባሉት ላይ ሲያተኩር ውጤቱ ተሻሽሏል። እኔ ከዚህ የምወስደው ሐሳብ ጸሐፊው ከወሰዱት ይለያል፦ ለሁሉም እኩል የሚከፋፈል ወፍራም መርሐ ግብር ላያስፈልግ ይችላል፤ ለብዙዎቹ መሸኛውና የሐኪም ቀጠሮው ሊበቃ ይችላል፤ ጥልቁ ሥራ የሚገባው ለጥቂቶቹ ነው። የትኛው ልጅ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለመለየት ግን አንድ ሰው ቀደም ብሎ ሊያውቀው ይገባል።

በመጨረሻ ስለ ተጎዳው ሰው። ጸሐፊው የሽግግር ሰነዶች ስለ ልጁ ገጽ በገጽ ሲጽፉ ስለተጎዳው ሰው አንድ አንቀጽ እንኳ እንደማይጽፉ ታዝበዋል። ይህን ነቀፌታ ያለ «ነገር ግን» እቀበላለሁ፤ የዘርፉ ጉድለት ነው። የማልቀበለው ዕቅዱ ሲቀር የተጎዳው ሰው ይጠቀማል የሚለውን ብቻ ነው። አንዲት ሴት አለች፤ ሞባይሏን በስለት አስፈራርቶ የነጠቃት ልጅ በዚያው ሰፈር፣ ሦስት ቤት አልፎ ይኖራል እንበል። ዕቅድ ካለ፣ ከመውጣቱ በፊት አንድ ሰው ወደ እርሷ ሄዶ ቀኑን ይነግራታል፣ የምትፈራውን ይጠይቃታል፣ ልጁ በየትኛው መንገድ ወደ ትምህርት ቤት እንደሚሄድና ምን እንደተከለከለ ያሳውቃታል፣ ካልፈለገች የልጁን ይቅርታ ለመስማት እንደማትገደድ ያረጋግጥላታል። ዕቅድ ከሌለ መፈታቱን የምታውቀው ማለዳ ዳቦ ልትገዛ ወጥታ ከሱቁ ደጃፍ ቆሞ ስታገኘው ነው።